ጾም ያስፈታህ ወተት

ደርዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። ጠይቆ መልስ ማጣት ያናድዳል፤ ሰሞኑን ደግሞ የሚያናድደኝ ነገር ያለሱም ሞልቶኛል። ከሄድክ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሁዳዴ ገብቷል። ሙት ዓመትህን ጾሙ ሳይገባ ዘከርንልህ። ዕድርተኛው ድንኳኑን ተከለ፣ ወንድሞችህ ከደብረ ብርሃን መጡ፣ ቄሶቹ ጸሎት አደረሱ፣ ሰዉም በልቶ ጠጥቶ ሲወጣ እጄን እየያዘ "እንግዲህ ይብቃሽ" አለኝ። እኔም የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያ ክረምት በመጣ ቁጥር "ዘንድሮ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ" የምትለው ጣሪያ ተሠርቷል። ማወቅ ከፈለግክ ግማሽ ቀን እንኳን አልፈጀም። ልጃችን ቤዛ በቁመት በልጣኛለች፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ስትቆጣ ቅንድቧን የምታነሳው ልክ እንዳንተ ነው። የመጋረጃ ስፌቴን ከሳሎን አውጥቼ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ የረዳቶቹን ጩኸት እየሰማሁ ለሰው መስኮት ልብስ እሰፋለሁ። ነጭ ጋዋንህ አሁንም ከመኝታ ቤታችን በር ጀርባ ተሰቅሏል። ሽታው ግን ጠፍቷል። ያ "ደጅ አውልቀው፣ ቤት ይዘኸው አትግባ" እያልኩ ስጨቀጭቅህ የኖርኩት ሽታ፣ አንገትጌው ውስጥ አፍንጫዬን ከትቼ ፈልጌ አጣሁት። በዚህም ተናደድኩ።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ግን ጋዋኑም ጣሪያውም አይደለም፤ ወተቱ ነው። አንተ ታሪኩን ታውቀዋለህ። ሌላም ሰው እንዲያነበው ስለምፈልግ ግን ከሥሩ ልጀምር፤ ታገሰኝ።

ቤቴል ባለው ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራህ ከሕመምተኛ ሰውነት ተቆርጦ የሚመጣውን ሥጋ ተቀብለህ፣ በስሱ ቆራርጠህ፣ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እንዲያየው ማዘጋጀት ነበር። ሥጋው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጣል። አንተም ከፎርማሊኑ ጋር ትውላለህ። "ውሃ ይመስላል፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው" ትለኝ ነበር። ለዚህም ነው ቤታችን ውስጥ ምንም ነገር በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እንዳይቀመጥ የከለከልከው፤ በረኪናውን እንኳን። እራት ላይ ስንቀመጥ ሳልጠይቅህ ታስተምረኛለህ። ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ሳያቋርጡ መታጠብ ነው። በባዶ እጅ አይነካም። ክዳኑ ለአፍታም ክፍት አይተውም። አፍ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ አቧራ ይከለክል እንደሆነ እንጂ ትነቱን አይከለክልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍንጫን ማመን አይገባም፤ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፣ ሰው ሽታው የጠፋ መስሎት ይዘናጋል፣ ትነቱ ግን እዚያው አለ። ይህን ሁሉ ለእኔ፣ መጋረጃ ለምሰፋው፣ አስተማርከኝ። ይህን ሁሉ እያወቅክ ነው የሞትከው፤ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው።

አንድ ቀን አውራ ጣትህ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣህ። ምን ሆንክ ስልህ ጀሪካን ስትበሳ ቢላዋው እንደሳተህ ነገርከኝ። ለካ የፎርማሊኑ ጀሪካን ባዶ በሆነ ቁጥር አጥቦ መጣሉ አይበቃህም፤ ጎኑንና ቂጡን ትበሳው ነበር። ባዶ ጀሪካን ምን አደረገህ ብዬ ሳቅኩብህ። አንተ አልሳቅክም። "ቆሼ ደርሶ አንዷ እናት ብታገኘውስ? አለቅልቃ ውሃ ትቀዳበታለች፤ ልጆቿ ይጠጡበታል" አልከኝ። እውነትህን ነበር፤ በዚህ ከተማ ደህና ጀሪካን የሚጥል ሰው የለም፤ እኛም ቤት ያለው ከየት እንደመጣ አናውቅም። ቆሼ ላይ ቆሻሻ ለምትለቅም፣ ስሟን ለማታውቃት ሴት እንዲህ የተጨነቅክ ሰው፣ ለራስህ ሳንባ ግን ይህን ያህል አልተጨነቅክም። አሁን ብትኖር በዚህ ነገር እንጣላ ነበር። ብትኖርና ብንጣላ እንዴት ደስ ባለኝ።

ሥጋውን የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አየሩን እየሳበ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ነበር። እሱ ተበላሸ። የላቦራቶሪው ባለቤት መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም፣ ታዟል፣ ይመጣል አለ። እስኪመጣ መስኮቱን ከፍተህ ትሠራ ጀመር። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ያ በረንዳው ላይ ወንበር የደረደረው ካፌ አለ። የካፌው ደንበኞች ዓይናችን ቆጠቆጠን ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ባለቤቱ ምን አደረገ? መስኮቱን በሲሊኮን አሳሸገው። የማኪያቶ ጠጪው ዓይን እንዳይቆጠቁጥ ያንተ ይቆጥቁጥ ተባለ፤ አንተም ዝም አልክ። ማታ ማታ ዓይንህ ቀልቶ ስትገባ ቤዛ "አባዬ አልቅሰሃል?" ትልህ ነበር።

ከዚያ ወተቱ መጣ። በየቀኑ ግማሽ ሊትር የላስቲክ ወተት፣ ለጥንቃቄ ተብሎ፣ ጠረጴዛህ ላይ። ወተት መርዝ ያጥባል ይባላል። ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚረጩት ይጠጣሉ፣ ባትሪ የሚጠግኑት ይጠጣሉ፣ ማተሚያ ቤት ያሉት ይጠጣሉ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ የሚጠራጠርም የለም። እኔም ሰምቼው ያደግኩት ነው። ግን እስቲ አሁን አብረን እናስበው። ትነቱ በአፍንጫህ ገብቶ ወደ ሳንባህ ይወርዳል። ወተቱ በአፍህ ገብቶ ወደ ሆድህ ይወርዳል። የት ተገናኝተው ነው አንዱ ሌላውን የሚያጥበው? አንተ ይህን ታጣዋለህ ብዬ አላምንም። ጠጣኸው፤ ምክንያቱም ከዚያ ቤት ሌላ የሚሰጥህ ነገር አልነበረም። የተሰጠህን ይዘህ ተጠበቅኩ ማለት፣ ምንም አልተሰጠኝም ከማለት ሳይቀልህ አልቀረም።

ወተቱ ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲመጣ አልጠጣም አልክ። አንተ ታይፎይድ ይዞህ እንኳን ጾም ያልፈታህ ሰው ነህ። እናትህ በጡት ሳለህም ዓርብ ዓርብ አትጠባም ነበር እያሉ ያሾፉብህ ነበር። ባለቤቱ ሲሰማ ይህ የጥንቃቄ መመሪያ ነው፣ ግዴታ ነው አለህ። ማራገቢያውን ማሠራት ግዴታው አልሆነም፤ ያንተ ጾም መፍታት ግን ግዴታ ሆነ። ተጨንቀህ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድክ። አባም "ለመድኃኒት ከሆነ ጠጣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ልብህን ያያል" አሉህ። ከዚያ ወዲያ እዚያች ክፍል ውስጥ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትጠጣው እንደነበር ነግረኸኛል። ቤት ስትመጣ ሽሮው ላይ ከእኛ ጋር ስትቀመጥ የሰው ማዕድ ላይ የተቀመጥክ ይመስልህ ነበር። ፋሲካ ዶሮው ቀርቦ "በል እንግዲህ ፍታ" ስንልህ፣ "እኔ የፈታሁት ቆየ፤ ምን ልፈታ?" አልክ። ቤዛና እኔ የቀለድክ መስሎን ሳቅን። ፊትህን ሳየው ሳቄ ቆመ። ጤናህን መውሰዳቸው አንሷቸው ፋሲካህንም ወሰዱብህ።

ቀሪውን አላረዝመውም። አፍንጫህ ተዘጋ፣ ሳይነስ ነው አልክ። ነስር መጣ፣ ሙቀቱ ነው አልክ። አንገትህ ላይ እብጠት ወጣ፤ ያኔ ምንም አላልክም። እኛ ጠበል ስንል፣ አንተ ነገ ከነገ ወዲያ ስትል፣ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ዘግይተን ነበር። ከአፍንጫህ ጀርባ የበቀለው ካንሰር ስሙን እንኳን ለመልመድ ጊዜ አልሰጠንም። ሐኪሙን ከሥራው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "በፎርማሊኑ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬም መማል አልችልም። ፎርማሊን ይህን በሽታ እንደሚያመጣ ግን የታወቀ ነው" አለኝ። ስለ ሐቀኝነቱ አከብረዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያልዋሸኝ እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ለቅሶ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ሐዘኑን ከገለጸ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ደረጀን እንደ ወንድሜ ነበር የማየው፤ አንድ ቀን እንኳን ወተት አስቀርተንበት አናውቅም" አለ። አጠገቡ የነበሩት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ነጠላዬ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ለቅሶ ላይ ሰው አይሰደብም፤ ስለዚህ ዋጥኩት። ዓመት ሙሉ እንደዋጥኩት አለሁ።

እንግዲህ ወደ ሰሞኑ ልምጣ። ዕቃውን ውሰጂ ብለው ከላቦራቶሪው ደወሉልኝ። ጫማህ፣ ስኒህና የኪስ ዳዊትህ ሣጥንህ ውስጥ ቀርተው ኖሯል። ቤቴል ሄድኩ። ደረጃውን ወጥቼ ያንተን ክፍል በር ስከፍተው ያ ነገር ፊቴን መታኝ፣ ዓይኔ ወዲያው እንባ አቀረረ። ያንተ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ሜሮን ትባላለች፤ ትምህርቷን ከጨረሰች ብዙም አልቆየች፤ ከቤዛ ብዙ የምትበልጥ አትመስልም። ዓይኗ እንዳንተ ቀልቷል። ማራገቢያው አሁንም አይሠራም። መስኮቱ አሁንም እንደታሸገ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ደግሞ ግማሹ የተጠጣ የላስቲክ ወተት አለ። አንገቷን አየሁት፤ ማተብ አስራለች።

"ልጄ፣ ጾም አይደለም እንዴ?" አልኳት።

"ነው እትዬ። ግን የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ አለቃችን 'ከአንቺ በፊት የነበረው ደረጀ እንኳን፣ እንዲያ ጾመኛ ሆኖ፣ አስፈቅዶ ይጠጣ ነበር' ሲሉኝ ነው ሄጄ የጠየቅኩት" አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም።

ሰማህ ደርዬ? ስምህን ምን እንዳደረጉት ሰማህ? ያ ወተት አንተን አላዳነህም፤ አንተ ግን ለወተቱ ምስክር ሆነሃል። ያንን ጾምህን፣ ያንን ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ የጠጣኸውን ሐፍረት፣ ይህችን ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ አደላድለው ማስቀመጫ አድርገውታል። ሞተህም እየሠራህላቸው ነው። ባንተም ተናደድኩ፤ አልደብቅህም። ዝም ያልከው ለራስህ ብቻ አልነበረም፤ ዝምታህን ለልጅቷ አውርሰህ ሄድክ። ማን እንደሆንኩና አንተ በምን እንደሞትክ ነገርኳት። መሞትህን እንጂ በምን እንደሞትክ የነገራት ሰው አልነበረም። የያዘችውን ዕቃ ክዳን ቀስ ብላ ገጥማ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ ቀጥታ የሄድኩት ወደ አባ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሳቸውንም ተቆጣኋቸው። ምን ብለው ፈቀዱ አልኳቸው። "ሐኪም ያዘዘው መስሎኝ ነው ልጄ። የላቦራቶሪ ሰው መድኃኒት ነው ሲለኝ እኔ ቄሱ አይደለም ልበል?" አሉኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ክፍሉ መስኮት የለውም?"

"አለው አባ፤ ታሽጓል እንጂ።"

"ታዲያ ለምን አይከፈትም?"

በዚያ ሁሉ ዘመን ይህን የጠየቀ ሰው የለም። ባለቤቱ አልጠየቀም፣ ከጤና ቢሮ ተቆጣጣሪ ተብሎ የመጣው ሰው አልጠየቀም፣ አንተም አልጠየቅክም። አባ የልጅቷን የነፍስ አባት ፈልገው እንደሚያነጋግሯቸው ቃል ሰጡኝ። "ለመድኃኒት ነው የፈቀድኩት፤ ለመሸንገያ አልፈቀድኩም" እያሉ እስከ በሩ ሸኙኝ። እሳቸውም ተናደዋል፤ አረጋዊ ሰው ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

በማግስቱ ጨርቅ የምቆርጥበትን ምላጭ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። እኔ መስኮት አውቃለሁ ደርዬ፤ የመጋረጃ ልክ ስወስድ ስንቱን የተጣበቀ መስኮት ታግያለሁ። ሜሮን ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ሲሊኮኑን ዙሪያውን ቀደድነው። አንዴ በትከሻዬ ስገፋው ተከፈተ። የገባው አየር እንዴት ያለ ነበር መሰለህ። ልጅቷ ደረቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተነፈሰች።

ባለቤቱ እየሮጠ ወጣ። "ወይዘሮ አልማዝ፣ ይሄ የሥራ ቦታ ነው፤ ከታች ደንበኞች ይረበሻሉ። ማራገቢያውም ታዟል፣ ይመጣል" አለኝ።

"ይረበሹ" አልኩት። "ማራገቢያው እስኪመጣ ይህ መስኮት ይዘጋና፣ የባሌንም ስም ሁለተኛ ከወተት ጋር ሲነሳ ልስማና፣ የዕድሩን ድንኳን ደጃፍዎ ላይ አስተክላለሁ። ለቅሶዬን ገና አልጨረስኩም፤ እዚሁ እቀመጠዋለሁ።"

የምሬን መሆኔን አወቀ። አንተም ብትሆን ታውቀው ነበር። የእኛ የኮልፌ ዕድር ድንኳኑን የት መትከል እንዳለበት ከሐዘንተኛዋ ውጭ ማንንም አይጠይቅም። ሜሮንም ማራገቢያው እስኪሠራ ጠንካራውን ፎርማሊን፣ ትነቱ የሚብሰውን፣ በውሃ እንደማትበርዝ እዚያው ነገረችው። የቀረውን ወተት ወስዳ ለጥበቃው ሰጠችው። ጥበቃው ፕሮቴስታንት ስለሆነ የእኛ ጾም አይመለከተውም፤ በደስታ ጠጣው። ወተቱ ምን አጠፋ፤ ለተራበ ሰው መልካም ነገር ነው። ሜሮን ግን ጾሟን መልሳለች፤ ሆሳዕናን አብረን ልናስቀድስ ተቀጣጥረናል።

ማራገቢያው እስካሁን አልመጣም። እኔ ግን ዓርብ ዓርብ ስፌቴን ቀደም ብዬ ዘግቼ ቤቴል እሄዳለሁ። የዚያ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ካለው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጬ ሻይ አዝዛለሁ። አስተናጋጇ ትንሽ ቆይታ "እትዬ፣ እዚህ ሽታ አለ፤ ወደ ውስጥ ቢገቡ አይሻልም?" ትለኛለች። እዚሁ ይመቸኛል እላታለሁ። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ይገባሉ። አትስጋ፣ ራቅ ብዬ ነው የምቀመጠው፤ ያስተማርከኝን አልረሳሁም። ግን ነፋስ ሲነሳ ትንሽ ይደርሰኛል። ከጋዋንህ ላይ ፈልጌ ያጣሁት ሽታ ነው። አንተን የገደለህ ሽታ ያንተም ሽታ መሆኑ ያቃጥለኛል፤ ቢሆንም እቀመጣለሁ።

አልረሳህም ማለት ለሁሉም ይቀላል፤ ባለቤቱም ድንኳን ውስጥ ብሎታል። እኔ የማስታውስህ በዚህ መስኮት ነው። አንድ ዓርብ ሄጄ ሽታው ካልመጣ፣ ወይ ማራገቢያው ተሠርቷል፣ ወይ መስኮቱን መልሰው ዘግተውታል። ደረጃውን ወጥቼ የትኛው እንደሆነ አያለሁ። ማራገቢያው ከሆነ ወርጄ ሻይዬን ጨርሼ፣ ላንተ የማለቅሰውን ለቅሶ ቤቴ ገብቼ በሰላም አለቅሳለሁ። መስኮቱ ከሆነ ግን ምላጬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ያንተው አልማዝ